‹‹ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው››፦ ሴልም ምክር እንቢ ይላል

ይህን አባባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነገሩ ካበቃ በኋላ ነው። ልጁ በመጠጥ የተነሳ ከሥራ ተባሯል። ሽማግሌ ተልኮ፣ እናት አልቅሳ፣ ጓደኛ ተቆጥቶ አልሆነም። አንዱ ከጥግ ‹‹እንግዲህ ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ...›› ይላል። ቀሪውን ማንም አይሞላውም። ሁሉም ያውቀዋላ።

ብዙዎቻችን እንደ እርግማን እንሰማዋለን። እኔ አይመስለኝም። ‹‹ምከረው›› የሚባለው ጥፋተኛው እኮ አይደለም፣ መካሪው ነው። አንዴ ምከር፣ ድገም፣ ከዚያ ለሌላ መካሪ ልቀቅለት ነው የሚለው። ሌላው መካሪ መከራ ነው።

ቃላቱ የተገናኙት ቤት እንዲመታ ብቻ አይደለም። በግእዝ ‹‹መከረ›› መምከር ነው። ‹‹አመከረ›› ደግሞ ፈተነ ማለት ነው። ‹‹መከራ››ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ ፈተና ማለት ነው። ምክርና መከራ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ለፈተና ስታጠና ነበር። ነርሲንግ ነው የምትማረው። ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ፒ53 የሚሉት ነገር አልገባ አለኝ›› አለች ተደናግጣ፤ ምላሷም ተሳሰረ። ሥዕል ከምስልላት ተረቱን ብነግራት ይሻላል አልኩ።

በሰውነታችን ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎች ራሳቸውን ይገድላሉ። በሽታ አይደለም፣ ሥርዓት ነው። ፅንስ ሳለን ጣቶቻችን በስስ ሥጋ የተያያዙ ነበሩ። በመሃል የነበሩት ሴሎች ስለሞቱ ነው ዛሬ እንጀራ የምንቆርሰው። ይህ ሞት አፖፕቶሲስ ይባላል። ስሙን በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጡለት ኬር፣ ዋይሊ እና ከሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ከዛፍ ላይ ቅጠል ሲረግፍ እንደ ማለት ነው።

ፒ53 እንግዲህ መካሪው ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የተገኘ ፕሮቲን ነው። በደህናው ቀን ብዙም አይታይም፤ ኤምዲኤም2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን እየተከታተለ ያስወግደዋል። ጨረር የሴሉን ዲኤንኤ (የዘር መረጃውን የያዘውን ክር) ሲበጥሰው ግን ኤቲኤም የተባለ ፕሮቲን ይነቃል። (የባንኩ አይደለም።) ኤቲኤም ፒ53 ላይ ፎስፌት የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፋል። ያኔ ኤምዲኤም2 ይለቀዋል፣ መካሪውም እየበዛ ይመጣል።

የመጀመሪያው ምክር ለስላሳ ነው። ፒ53 ፒ21 የተባለውን ጂን ያበራል፣ ሴሉም መከፋፈሉን ያቆማል። መጀመሪያ የተበላሸውን ጠግን ነው ነገሩ። ከተጠገነ ሴሉ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ጉዳቱ ከጥገና በላይ ከሆነ ሁለተኛው ምክር ይከተላል፦ ሙት። ይህ የሚፈጸመው የሴሉ ጉልበት ማመንጫ በሆነው በማይቶኮንድሪያ ላይ ነው። እዚያ በር ላይ ቢሲኤል-2 የሚባል ዘበኛ አለ። ሥራው ባክስ የተባለው ፕሮቲን በሩን እንዳይበሳ ይዞ ማቆየት ነው። ፒ53 ፑማ የተባለ ፕሮቲን እንዲሠራ ያደርጋል፣ እሱም ዘበኛውን ይጠምደዋል። ባክስ ይፈታል፣ ሽፋኑ ይበሳል፣ ሳይቶክሮም ሲ ይወጣል። ሳይቶክሮም ሲ ውስጥ እያለ ጉልበት የምናገኝበት ፕሮቲን ነበር። ውጭ ሲገኝ መርዶ ነው። ሰባት አፓፍ-1 ፕሮቲኖች ከሱ ጋር ተያይዘው እንደ መንኮራኩር ይገጥማሉ። መንኮራኩሩ ካስፔዝ-9ን ያስነሳል፣ እሱ ደግሞ ካስፔዝ-3ን። ካስፔዞች መቀሶች ናቸው፤ ፕሮቲን ይቆርጣሉ። ሴሉ ይኮማተርና በትናንሽ ጥቅል ይከፋፈላል። ጥቅሉን ጎረቤት ሴሎች ይበሉታል። ለቅሶ የለ፣ እብጠት የለ።

እኛ የፒ53 ጂን ያለን አንድ ጥንድ ነው። ዝሆን 20 ጥንድ ያህል አለው። ዲኤንኤያቸው የተጎዳ የዝሆን ሴሎች ከእኛዎቹ ይልቅ ለመሞት አያመነቱም። ዝሆን ያን ሁሉ ሥጋ ተሸክሞ ካንሰር ብዙም አያጠቃውም። ይህን ስነግራት ልጅቷ ሳቀች። ‹‹20 ሽማግሌ እቤቱ ያስቀመጠ!›› አለች።

እንቢ የሚል ሴል ሲመጣ ነው ችግሩ። በሰው ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ፒ53 የተበላሸባቸው ናቸው። መካሪው ራሱ ሄዷል። በአንዳንድ የሊምፎማ (የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር) ዓይነት ደግሞ የክሮሞሶም 14 እና 18 ቁራጮች ቦታ ይለዋወጣሉ። የቢሲኤል-2 ጂን እንቅልፍ የማያውቅ ማብሪያ አጠገብ ያርፋል። ዘበኛው ይበዛል፣ በሩም አይከፈትም።

ተረቱ እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል። ሰው እንቢ ሲል መከራው ለራሱ ነው። ሴል እንቢ ሲል ግን እሱ ይመቸዋል፣ ይባዛል፤ መከራው የባለቤቱ ነው።

‹‹ታዲያ ኬሞቴራፒ ነዋ መከራው?›› አለች። ልክ ነች። ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶችና ጨረር የሴሉን ዲኤንኤ ይጎዱታል። ጉዳቱ ሲበዛበት ይሞታል ተብሎ ነው። ግን ያንን ጉዳት ለሴሉ የሚያሳውቀው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ያው ፒ53 ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይሄንን ነው፤ ምክሩም መከራውም የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው። መካሪው ከጠፋ መከራውም ብዙ ጊዜ ሰሚ አያገኝም። ፒ53 የጠፋባቸው ካንሰሮች ለኬሞ የሚያስቸግሩት በዚህ ነው።

በዚህ የተነሳ መካሪውን ዘለው በሩ ላይ የሄዱ ሰዎች አሉ። ቬኔቶክላክስ የሚባለው እንክብል ቢሲኤል-2ን ራሱ ይይዘዋል። ፒ53 ኖረ አልኖረ ብዙም ግድ የለውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የፈቀደው ሥር ለሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኬሚያ፣ ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት ነው፤ ያውም 17ፒ የጎደለባቸው ሕሙማን እንዲወስዱት። 17ፒ የክሮሞሶም 17 አጭር ክንድ ነው። የፒ53 ጂን የሚኖረው እዚያ ላይ ነው።

ልጅቷ ደብተሯ ላይ ‹‹17ፒ የለም = ሽማግሌ የለም›› ብላ ጻፈችና ገጹን ገለጠች።