የባሕር ዳር የእግረኛ መንገዶችና ደንባቸው

ባሕር ዳር ከ1950ዎቹ ጀምሮ በዕቅድ የተስፋፋች ከተማ በመሆኗ ዋና ዋና ጎዳናዎቿ ሰፋፊ ናቸው፤ ብዙዎቹም በዘንባባ ያጌጡ ናቸው። ስፋቱ ግን ለእግረኛው ብቻ አልተተወም። ጉሊት፣ ሊስትሮ፣ የጀበና ቡና፣ የቆመ ባጃጅና የተከመረ አሸዋ ይሻሙበታል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገዶችንና ጎዳናዎችን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደበ ሀብት ይቆጥራቸዋል። እንዲህ ያለውን ሀብት ማንም ሰው ረጅም ዘመን ስለያዘው ብቻ የግሉ ሊያደርገው አይችልም። «እዚህ ቦታ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» የሚለው የባለ ጉሊቷ ክርክር ልብ ይነካል እንጂ ባለመብት አያደርጋትም። ፍሪጅና የፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ ንጣፉን የበረንዳው ቅጥያ ላደረገው ባለሱቅም ሕጉ ያው ነው፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ግን ቀድማ የምትነሣው ብዙ ጊዜ ጉሊቷ ናት።

የትራፊክ ደንብ እግረኛው የእግረኛ መንገድ ባለበት በዚያው እንዲሄድ፣ በሌለበት ደግሞ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዞ ከፊት የሚመጣውን ተሽከርካሪ እያየ እንዲጓዝ ያዝዛል። ንጣፉ ሲዘጋበት ወደ አስፋልቱ የሚወርድ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ግራና ቀኝ ለመምረጥ ፋታ የለውም። በነጭ በትር የሚሄድ ዓይነ ስውርማ ትናንት ያልነበረ የጠጠር ክምር ዛሬ ይጠብቀዋል።

የግንባታ ዕቃ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። የሕንፃ ሕግ ግንባታ የአላፊ አግዳሚውን ደህንነት እንዳይጎዳ ጥንቃቄ እንዲደረግ ያስገድዳል። በብዙ ቦታ እግረኛው የሚረግጠው ንጣፍ የጎርፍ ቦይ ክዳን ስለሆነ፣ እላዩ ላይ የተራገፈ አሸዋ መተላለፊያውንም የውኃውንም መውረጃ ይዘጋል። ከተማዋ ሜዳ ላይ ናት፤ ይህ ለብስክሌት ተመችቷል፣ የክረምት ውኃ ግን ቦዩ ከተደፈነ በቀላሉ አይሄድም።

የእድር ድንኳን ከሁሉም ይለያል። የሠፈር መንገድ ለለቅሶ ሲዘጋ አላፊው ዞሮ ይሄዳል፤ የሚያማርር ቢኖር እንኳ ድምፁን አያሰማም።

በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት በከተማዋ ሰፋ ያሉ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። በሐይቁ ዳርቻ የሚንሸራሸር ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ እሸት የምትጠብሰው ሴት ከሰሏን ይዛ ትከተለዋለች። ደንብ አስከባሪው ብቅ ሲል ምድጃዋን በጨርቅ ይዛ ትነሣለች፤ በቆሎው ገና አልበሰለምና ሩቅ አትሄድም።