ሚቴን የሚሠሩት ፍጥረታት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የከብትና የአየር ንብረት ለውጥ ወሬ ሲነሳ ሚቴን የሚባለው ጋዝ አብሮ ይነሳል። ከእበት የሚገኘው ነዳጅ፣ ባዮጋዝ፣ ሲባልም እንደዚሁ። ጋዙን የሚሠሩት እነማን እንደሆኑ ግን እምብዛም አይነገርም፤ ሲነገርም ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ነው። ስህተቱ ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ በደህና የተሠራ የባዮጋዝ ጉድጓድ እስከማበላሸት ይደርሳል።

«ባክቴሪያዎች ናቸው»

አይደሉም፤ አርኪያ የሚባሉ ሌላ ዓይነት ደቂቅ ፍጥረታት ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ባክቴሪያ መምሰላቸው እውነት ነው፤ ዘንግና ድቡልቡል ቅርጽ አላቸው፣ ኒውክለስ የላቸውም። በ1977 እ.ኤ.አ. ግን በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካርል ዎዝ እና ጆርጅ ፎክስ መልካቸውን ትተው የራይቦሶም አርኤንኤያቸውን፣ ማለትም ፕሮቲን በሚሠራው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ያለውን የዘር ሞለኪውል፣ አነጻጸሩ። ዎዝ የአርኤንኤ ቁርጥራጮቹ ነጠብጣብ ሆነው የታዩበትን ፊልም በብርሃን ሰሌዳ ላይ ዘርግቶ ነበር የሚያነበው። በባክቴሪያዎች ላይ ሁሉ ያያቸው ምልክቶች ሚቴን ሠሪዎቹ ላይ አልተገኙም። ሌላ የሕይወት ዘርፍ ተገኘ ማለት ነው።

ልዩነቱ ሰውነታቸው ላይም አለ። የሕዋስ ሽፋናቸው ስብ ከባክቴሪያም ከእኛም የተለየ ነው። ፔኒሲሊን የሚያጠቃው ዓይነት ግድግዳ ስለሌላቸው መድኃኒቱ አይነካቸውም። ደግሞ ኤፍ420 የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍባቸው ሰማያዊ አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ። ይህን ማየት እንዴት ደስ ይላል!

«ላሟ ናት የምትሠራው፣ የሚወጣውም ከኋላ ነው»

ሁለቱም ልክ አይደለም። ጋዙን የሚሠሩት ሩመን በሚባለው ትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት አርኪያዎች ናቸው። አብዛኛው የሚወጣውም በአፍ ነው፣ በግሳት። በግም ፍየልም፣ የሚያመሰኩ እንስሳት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። ላሟም ትጎዳለች፤ ከበላችው መኖ ጉልበት የተወሰነው ወተት ወይም ሥጋ ሳይሆን አየር ላይ ይቀራል።

«እበቱን የሚበሉት እነሱ ናቸው»

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄኛው ነው። አርኪያዎቹ ባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባውን እበት አይበሉም፣ ስኳርም አይበሉም። ምግባቸው ጥቂት ነው፦ ሃይድሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር፣ ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው አሴቲክ አሲድ፣ እንደ ሜታኖል ያሉ አንዳንድ ውህዶች። እበቱን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ቃጫውን ወደ ስኳር ይቆራርጠዋል፣ ሌላው ስኳሩን አሲድ ያደርገዋል፣ ሌላው ደግሞ አሲዱን ወደ አሴቲክ አሲድና ሃይድሮጅን ያወርደዋል። አርኪያዎቹ ተራ የሚደርሳቸው መጨረሻ ላይ ነው።

አሲድ ሠሪዎቹ ቶሎ ይራባሉ፤ አርኪያዎቹ ቀርፋፋ ናቸው። አዲስ ጉድጓድ ውስጥ የወጥ ቤት ትራፊ ባንዴ ከተደፋበት አሲዱ ይጠራቀማል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ6.5 በታች ሲወርድ አርኪያዎቹ ይዳከማሉ፣ ከዚያም ሥራ ያቆማሉ። ጋዝ ይወጣል፣ ክብሪት ሲጫርበት ግን አይነድም፤ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዋ። ይሄኔ «አልበቃውም» ብሎ መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። መጨመሩን አቁሞ መታገስ ነው የሚሻለው። ለማስጀመሪያ የላም እበት የሚመረጠው አርኪያዎቹን ይዞ ስለሚመጣ ነው።

«የሚሸተው ሚቴኑ ነው»

ሚቴን ሽታ የለውም። የሚሸተው በዋናነት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ስለዚህ አልሸተተኝም ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው።

«የሚኖሩት ፍል ውሃ ውስጥ ብቻ ነው»

እርግጥ ሙቀት የሚወዱ አሉ። ሜታኖፓይረስ ካንድለሪ የሚባለው ሚቴን ሠሪ ከሕንድ ውቅያኖስ ወለል ተገኝቶ፣ በከፍተኛ ግፊት በ122 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲራባ ታይቷል። በሌላ በኩል ቅዝቃዜ የለመዱት አንታርክቲካ ሐይቅ ውስጥ አሉ። አብዛኞቹ ግን ቅርባችን ናቸው፦ ረግረግ፣ የሩዝ ማሳ፣ የምስጥ ሆድ፣ የብዙ ሰዎች አንጀት ጭምር። የሚሸሹት ኦክስጅንን ነው።

«ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ናቸው»

ሚቴን መሥራት ሙያ ነው፣ ዘር አይደለም። ሜታኖሳርሲና እና ሜታኖባክቴሪየም ሁለቱም ሚቴን ሠሪዎች ናቸው፤ በዘር ሐረግ ሲታይ ግን ሜታኖሳርሲና ከሜታኖባክቴሪየም ይልቅ ጨው ወዳዶቹን አርኪያዎች ይቀርባል። ጨው ወዳዶቹ ደግሞ ሚቴን አይሠሩም፤ አብዛኞቹ በኦክስጅን ነው የሚኖሩት። ለረጅም ጊዜ ሚቴን ሠሪዎች ሁሉ ዩሪአርኪዮታ በሚባለው የአርኪያ ክፍል ይጠቃለላሉ ተብሎ ነበር። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ሚቴን መሥሪያ ጂኖች ከዚያ ውጭም ተገኙ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአሜሪካው የሎውስቶን ፍል ውሃ የተወሰዱ እንዲህ ያሉ አርኪያዎች ላብራቶሪ ውስጥ ረብተው ሚቴን ሲሠሩ ታዩ።

የሚያገናኛቸው አንድ ኢንዛይም (የሕዋስን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ነው፤ ኒኬል ያለበት፣ የመጨረሻውን እርምጃ የሚፈጽም። እሱም ቢሆን ብቻውን መለያ አይሆንም። በባሕር ወለል ደለል ውስጥ ይህንኑ ኢንዛይም ወደ ኋላ አስኪደው ሚቴን የሚበሉ አርኪያዎች አሉ።