ፉል ግሬን ቆዳ ምንድን ነው?

ጫማ ስንገዛ «ቆዳ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ሻጩ «ኦሪጅናል ቆዳ ነው» ይለናል፤ ብዙ ጊዜም አልዋሸም። ለተራራ፣ ለጭቃና ለጠጠር የሚሆን ከስክስ ጫማ የሚፈልግ ሰው ግን አንድ ጥያቄ መጨመር አለበት፦ የቆዳው የትኛው ክፍል ነው?

የበሬ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የላይኛው ንብርብር ለብቻው፣ የታችኛው ለብቻው። ፀጉር የበቀለበት የላይኛው ገጽ ክሮቹ በጣም ደቃቅና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። መቧጠጥን የሚችለው፣ ውኃም ቶሎ እንዳይሰርግ የሚያግደው ይህ ገጽ ነው። ሳይፋቅ፣ ሳይሞረድ፣ ከሥሩ ካሉት ወፍራም ክሮች ጋር እንደተያያዘ ሲቀር ፉል ግሬን ይባላል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ገጽ ለምን ይፋቃል? ከብቱ በሕይወት ሳለ እሾህ ይቧጥጠዋል፣ መዥገር ይነክሰዋል፣ ለምልክት በጋለ ብረት ይተኮሳል። ይህ የአገራችንም ቆዳ የቆየ ችግር ነው። ፋብሪካው ጠባሳውን ለመሸፈን ገጹን ይሞርደዋል፣ በላዩ ቀለም ይቀባዋል፣ ከዚያ የቆዳ መስመር የሚመስል ቅርጽ ያትምበታል። ያማረና አንድ ወጥ ይሆናል፤ ጥሩውን ክፍል ግን አጥቷል። የታችኛው ንብርብር ደግሞ ጨርሶ ገጽ ስለሌለው ፕላስቲክ ይለበጥበትና እሱም «ቆዳ» ተብሎ ይሸጣል።

እኔ ይህን የተማርኩት እንጦጦ ላይ ነው። እንደ መስታወት የሚያበራ ቡትስ ገዝቼ ሁለተኛውን ክረምት አልዘለቀም፤ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ እንደ ድንች ልጣጭ ተላጠ። ሊስትሮው ቢቀባው ቢቀባው የሚይዝለት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ስትመርጡ ጫማውን በአውራ ጣት ጫን በሉት። በፉል ግሬን ላይ ደቃቅ ሽብሽቦች ከጣቱ ዙሪያ ይበተናሉ፤ ፕላስቲክ የተለበጠው እንዳለ ይሰረጉዳል። የፀጉር ቀዳዳዎቹን ፈልጉ፦ ተፈጥሯዊ ሲሆኑ እዚህ ጠበቅ፣ እዚያ ሳሳ ይላሉ፤ የታተመው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ትንሽ ጠባሳ ብታዩ አትሽሹ፤ እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ ገጹ እንዳልተፋቀ ትነግረኛለችና። ሽታውን ግን አትመኑ፤ የታችኛውም ንብርብር ቆዳ ቆዳ ይሸታል።

ዓይነቱም ቢሆን ይለያል። የደጋ በጎቻችን ቆዳ በዓለም ገበያ በጓንት ሥራ የተመሰገነው ስስና ልስልስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ድንጋይ ለሚረግጥ ቡትስ ግን ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ይሻላል። ሶሉንም ገልብጣችሁ እዩ። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ከሆነ ቆዳው ደህና ሳለ ሶሉ ሊለቅ ይችላል፤ ዙሪያውን የተሰፋ ከሆነ ጫማ ሰሪ ፈትቶ አዲስ ሶል ይሰፋበታል።

ሲረጥብ እሳት ዳር አታስቀምጡት፤ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ከዚያ ቅባት ቀቡት። ያልተፋቀ ገጽ ቅባቱን ይጠጣል።