ኮምቢኔሽን ሕክምና ምንድን ነው? ተመልሶ ለመጣ ግሊዮብላስቶማ

ግሊዮብላስቶማ ኃይለኛው የጭንቅላት ካንሰር ነው፣ ከኦፕሬሽን፣ ከጨረርና ቴሞዞሎማይድ ከሚባለው የካንሰር መድኃኒት በኋላም ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ይሄን የምጽፈው «ኮምቢኔሽን ጀምሮ ኤምአርአዩ (የአንጎል ምስሉ) ላይ ጠፋለት፣ ድኗል» የሚለውን ነገር አሁንም አሁንም ስላየሁት ነው። አንዱማ «ሁለት መድኃኒት ከአንድ ይሻላል፣ ይሄ ምን ክርክር አለው?» ይላል። አለው እንጂ ወንድሜ።

ኮምቢኔሽን ማለት በተለያየ መንገድ የሚሠሩ መድኃኒቶችን አብሮ መስጠት ነው። ሎሙስቲን የካንሰሩን ዲኤንኤ ይጎዳል፣ ቤቫሲዙማብ ደግሞ ዕጢው አዲስ የደም ስር ለማብቀል የሚልከውን ምልክት ይይዛል። እኛ ጎጃም በሬ የጠመደ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ ጥማድ የሚመዘነው ባረሰው መሬት ነው፣ ገለባ ግን ሁለቱም ይበላሉ፣ አጥሩን አልፎ ማሳው ያልገባ በሬ ደግሞ ምን ቢጠነክር አያርስም። አንጎልም አጥር አለው፣ ከደም የሚመጣውን ብዙ መድኃኒት ይመልሳል፣ ሎሙስቲን ከሚመረጥበት ምክንያት አንዱ ማለፍ መቻሉ ነው።

ታዲያ ታረሰ ወይ? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአውሮፓ ጥናት 437 ታካሚ ላይ ሁለቱን አብሮ መስጠትን ከሎሙስቲን ብቻ ጋር አወዳደረ። በሽታው ሳይብስ የቆየበት ጊዜ ከ1.5 ወደ 4.2 ወር ከፍ አለ፣ በሕይወት መቆየቱ ግን ሁለቱን ለወሰዱት 9.1 ወር፣ ሎሙስቲን ብቻ ለወሰዱት 8.6 ወር ነው፣ በስታቲስቲክስ ልዩነት አይባልም።

ምክንያቱን ስሙኝ። የዕጢው የደም ስሮች ያፈሳሉ፣ ኤምአርአይ ላይ የሚያበራውም በነሱ አልፎ የፈሰሰው ኮንትራስት (ለምስሉ በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት) ነው፣ ቤቫሲዙማብ ስሮቹን ሲያጠብቃቸው ብርሃኑ በቀናት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል፣ የካንሰሩ ሴል ግን እዛው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ኮንትራስቱን ብቻ አይቶ «ጠፋ» ማለት ቤተሰብን የሚጎዳው።

መድኃኒቱ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። በዕጢው ዙሪያ ያለው የአንጎል እብጠት ሲጎድል ዴክሳሜታዞን የሚባለውን የእብጠት መድኃኒት መቀነስ ይቻላል፣ ራስ ምታቱም ሊቀል ይችላል፣ ይሄ ለታማሚው ትልቅ ነገር ነው።

ገለባውን፣ ማለትም የጎንዮሽ ጉዳቱን ግን አትርሱ። ቤቫሲዙማብ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ያደማል፣ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፣ ስለዚህ ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው ቁስሉ እስኪድን ይጠብቃል። ሎሙስቲን ደግሞ ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌት (ደም የሚያረጋውን ሴል) የሚያወርደው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፣ በየ6 ሳምንቱ የሚሰጠውም ለዚህ ነው፣ ደህና ነኝ ብሎ ከባህር ዳር ወደ ገጠር የገባ ሰው የደም ምርመራውን የሚተወው ደግሞ ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ትኩሳት ከመጣ ወይ ድድ ከደማ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ነው።