የአንጎል ሳይንስና የአስተሳሰብ ዘይቤ በሥራ ቦታ ትምህርትና ተነሳሽነት፦ ከጎጃም ልምድ ጋር የተያያዘ አጠቃላይ ዳሰሳ

የአንጎል ሳይንስን ለሥራ ቦታ ትምህርት ማዋል ማለት ሰው እንዴት እንደሚያስተውል፣ እንደሚያስታውስ፣ እንደሚረሳና ለሥራ እንደሚነሳሳ በጥናት የተደረሰበትን ይዞ የሠራተኛን ሥልጠናና የማበረታቻ አሠራር ማቃናት ነው። የአስተሳሰብ ዘይቤ የሚባለው ደግሞ አንዱ ሰው ወደ ቁጥርና ማስረጃ፣ ሌላው ወደ ቅደም ተከተል፣ ሌላው ወደ ሰዎች ግንኙነት፣ ሌላው ወደ አዲስ ሐሳብ ያዘነብላል ከሚል እሳቤ የሚነሣ ነው። ሁለቱ በሥልጠና አዳራሾች ብዙ ጊዜ ተጣምረው ቢቀርቡም የማስረጃቸው ክብደት እኩል አይደለም። በአማርኛ የተሰናዳ ማጣቀሻ ጥቂት በመሆኑ፣ ይህ ዳሰሳ የውጭውን ጥናት ጎጃም ውስጥ ካለው የሥራ ቦታና ከዚያ ቀድሞ ከነበረው የትምህርት ልምድ ጋር አያይዞ ያቀርበዋል።

በጎጃም የዘመናዊ ሥልጠና ዋና ማዕከል ባሕር ዳር ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተቋቋሙ፤ ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ማሠልጠኛው ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ በኋላ ተከተለ። በየወረዳው ያሉት መምህራን፣ የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የባንክ ሠራተኞች በየጊዜው ሥልጠና የሚወስዱ ናቸው።

የማስታወስና የመርሳት ጥናት

ስለ ማስታወስ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ተጽፏል። ጉዳዩን በሙከራ መለካት የጀመረው ግን ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነው። እርሱ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ በቃሉ እያጠና፣ ከደቂቃዎች፣ ከሰዓታትና ከቀናት በኋላ መልሶ ለማጥናት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድበት መዝግቦ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ፈጣን፣ ቆይቶ ግን እየዘገየ የሚሄድ መሆኑን፣ በአንድ ጊዜ ከተከማቸ ጥናትም በየቀኑ የተከፋፈለው እንደሚበልጥ ያሳየው ይህ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታው ሲባል ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል አብዛኛው በሁለቱም ወገን በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር በአእምሮው አልቆይ አለው፤ ሆኖም እጁን የሚያሠለጥን ልምምድ ሲሰጠው፣ መለማመዱን ፈጽሞ ባያስታውስም፣ ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ። ብሬንዳ ሚልነር ከሌሎች ጋር ያደረገችው ይህ ጥናት በቃል የሚነገር ዕውቀትና የእጅ ሙያ በአንጎል ውስጥ የተለያየ መንገድ እንዳላቸው አመለከተ። ለአሠልጣኝ ትርጉሙ ቀላል አይደለም፦ የማሽን አሠራርን በገለጻ ብቻ የሰማ ሠራተኛ ስለ ማሽኑ መናገር ይችል ይሆናል፤ እጁ ግን አልተማረም። ኤሪክ ካንደል በባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ባደረገው ምርምር ትምህርት በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለውን ግንኙነት እንደሚያጠናክር አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

የአእምሮ የመያዝ አቅም ውስን መሆኑም የታወቀ ነው። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው በአንድ ጊዜ ሰባት ያህል ነገሮችን እንደሚይዝ ጻፈ፤ ኔልሰን ካወን በ2001 ቁጥሩን ወደ አራት ዝቅ አደረገው። ከሁለቱ የትኛውም ቢወሰድ፣ በአንድ ጠዋት ስድሳ ስላይድ ማሳየት ከአድማጩ አቅም በላይ መሆኑ አያጠራጥርም።

ለሥራ ቦታ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅሙት ሁለት ጥናቶች ናቸው። በመጀመሪያው፣ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ገሚሶቹ ደግመው እንዲያነቡት፣ ገሚሶቹ ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ከአእምሯቸው ለማውጣት የታገሉት 56 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ያነበቡት 42 በመቶ ያህሉን ብቻ አስታወሱ። ሁለተኛው ባዴሊና ሎንግማን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት ሲሆን፣ የተጠኑት የታይፕ ቁልፍ የሚማሩ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተማሩት በቀን አራት ሰዓት ከተማሩት ባነሰ ጠቅላላ ሰዓት ሙያውን ያዙ። በቀን አንድ ሰዓት የተማሩት ግን ሥልጠናው ብዙ ቀናት በመውሰዱ ከሁሉም ያነሰ ደስታ የተሰማቸው ነበሩ። ሠልጣኝ የወደደው ሥልጠና ሁልጊዜ የተማረበት ሥልጠና አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የጎጃም ቅኔ ቤቶች

እነዚህ ግኝቶች በቤተ ሙከራ ከመረጋገጣቸው ከብዙ ዘመን በፊት፣ የጎጃም የቅኔ መምህራን ተመሳሳይ አካሄድ በጉባኤያቸው ይሠሩበት ነበር። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ኤልያስና መርጡለ ማርያም ከመላ ኢትዮጵያ ተማሪ ሲስቡ የኖሩ የትምህርት አድባራት ናቸው። የቅኔን ጀማሪ በተመለከተ አንዳንዶች ቅዱስ ያሬድን፣ አንዳንዶች ዮሐንስ ገብላዊን ይጠቅሳሉ፤ በጎጃም ሊቃውንት ዘንድ ግን የጎንጁ ተዋነይ ቅኔን በሥርዓት ያቆመ ታላቅ ሊቅ መሆኑ የጸና ትውፊት ነው።

አዲስ ተማሪ ግሥ ካወረደና (የግእዝ ግሦችን በቃሉ ካጠናና) አገባብ ከተማረ በኋላ በሁለት ቤት (ስንኝ) ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። እርሱን ሲያደላድል ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ደረጃ በደረጃም ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ላይ ከጎጆው ራቅ ብሎ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለትም ያዘጋጃል። ወረቀት አይዝም፤ ቃሉን፣ ሰሙንና ወርቁን፣ የቤቱን ልክ ሁሉ በአእምሮው አቀናጅቶ ለመምህሩ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ አገባቡ ከተዛነፈ ወይም ሰሙ ከወርቁ ካልተስማማ መምህሩ እዚያው ያርሙታል። ትናንት የነገረውን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ አይችልም፤ በየቀኑ አዲስ ይጠበቅበታል። የበሰለው ተማሪ ደግሞ ለጀማሪዎቹ አስነጋሪ ሆኖ የእነርሱን ቅኔ ይሰማል፣ ያርማል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የዛሬው ሳይንስ የሚያመሰግናቸው ብዙ ነገሮች አሉ። ከአእምሮ ማውጣት አለ፤ በየቀኑ የተከፋፈለ ልምምድ አለ፤ ስሕተት ሳይቆይ መታረሙ አለ፤ ከባዱ ነገር ከቀላሉ በኋላ መምጣቱም አለ። ስላሜካና ግራፍ እ.ኤ.አ. በ1978 ሰው ራሱ ያመነጨውን ቃል የተሰጠውን ከማንበብ ይልቅ እንደሚያስታውስ አሳይተዋል፤ የቅኔ ተማሪ ደግሞ ሥራው ሁሉ ማመንጨት ነው። በንባብ ቤትም ሕፃኑ አንዱን መጽሐፍ በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ በሚባሉት የንባብ ስልቶች ደጋግሞ ማለፉ ከተከፋፈለ ጥናት ጋር የሚገጥም ነው። የጎጃም ሊቃውንት ለዓለም የትምህርት ዕውቀት የሚያበረክቱት ነገር እንዳላቸው ለመናገር ከዚህ በላይ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

ሁሉም ግን የሚቀዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ በረሃብና በእንቅልፍ እጦት የሚያሳልፈው ጊዜ የጽናቱ ምስክር ቢሆንም ለትምህርቱ የሚጠቅም አይደለም። ጄንኪንስና ዳለንባክ እ.ኤ.አ. በ1924 ካጠኑ በኋላ መተኛት መርሳትን እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ የሰው አንጎልም ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ከሚወጣው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን የሚጠቀም በመሆኑ ከምግብ ተነጥሎ አይሠራም። የማታ ተረኛ ነርስን ከሥራ እንደወጣች ወደ ሥልጠና አዳራሽ መጥራትም በዚሁ ምክንያት መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

የአስተሳሰብ ዘይቤ

ሮጀር ስፔሪ የግራና የቀኝ አንጎል ማገናኛ የተቆረጠላቸውን ሕሙማን በማጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተካፈለ። ሁለቱ ወገኖች በከፊል የተለያየ ሥራ እንዳላቸው ያሳየው ይህ ጥናት በሕዝብ ዘንድ ሲዛመት መልኩን ለውጦ፣ ሰዎች «ባለ ግራ አንጎል» እና «ባለ ቀኝ አንጎል» ተብለው ይከፈላሉ ወደሚል እምነት አደገ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል መርምረው እንዲህ ያለ የሰው ክፍፍል አላገኙም።

ኔድ ኸርማን በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሥራ አመራር ሥልጠና ላይ ሳለ የአስተሳሰብ ዝንባሌን በአራት ክፍል የሚያሳይ መጠይቅ አዘጋጀ፤ ሰማያዊው ትንተናን፣ አረንጓዴው ቅደም ተከተልን፣ ቀዩ የሰው ግንኙነትን፣ ቢጫው አዲስ ሐሳብን ይወክላሉ። ኸርማን ራሱ ሞዴሉ ቃል በቃል የአንጎል ካርታ እንዳልሆነ ተናግሯል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የኮፊልድና የባልደረቦቹ ግምገማ 71 የመማር ዘይቤ ሞዴሎችን ሲዘረዝር ይህንንም አካቷል። ትምህርትን ከተማሪው «የማየት»፣ «የመስማት» ወይም «የመንካት» ዘይቤ ጋር ማስማማት ውጤት እንደሚጨምር በቂ ማስረጃ አለመኖሩን ደግሞ ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ደመደሙ። ያም ሆኖ ሃዋርድ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጽሑፍ በአምስት አገሮች የተጠየቁ መምህራን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚሁ ያምኑ ነበር።

እነዚህ መጠይቆች ከንቱ ናቸው ማለት ግን አይደለም። የወረዳ የፋይናንስ ባለሙያና የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ አንዱን ዕቅድ ለምን በተለያየ ዓይን እንደሚያዩት በቀለም ተነጋግረው ቢግባቡ መልካም ነው። ችግር የሚመጣው አለቃው በመጠይቁ ውጤት ሰው ሲመድብ፣ «እርሷ ቀይ ናት፣ ሒሳብ አይሆናትም» ሲል ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ በአንጎል ሳይንስ ስም መሰጠት የለበትም።

ተነሳሽነት

ቮልፍራም ሹልትስና ባልደረቦቹ በጦጣዎች ላይ ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው ጥናት ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩ ነርቮች ጭማቂ ሳይታሰብ ሲሰጥ እንደሚነቁ፣ ሽልማቱ ከተለመደ በኋላ ግን ለምልክቱ እንጂ ለሽልማቱ ምላሽ እንደማይሰጡ፣ የተጠበቀው ሲቀር ደግሞ እንቅስቃሴያቸው እንደሚቀንስ አሳዩ። ከጦጣ ወደ ሠራተኛ መሻገር ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሆኖም በየሥልጠናው የሚከፈል የውሎ አበል ከጊዜ በኋላ ለምን ማበረታቻ መሆኑ ቀርቶ ሲዘገይ ብቻ የሚታወስ ነገር እንደሚሆን ለማሰብ ይረዳል። አበል ለትራንስፖርትና ለመኝታ የሚገባ ወጪ ነው፤ የመማር ፍላጎትን ይፈጥራል ብሎ መጠበቅ ግን ከማያደርገው ነገር ማድረግን መጠየቅ ነው።

ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 እንቆቅልሽ በመፍታታቸው ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቀር በራሳቸው ጊዜ እንቆቅልሹን መንካት እንደቀነሱ አሳየ። ከሪቻርድ ራያን ጋር ያዳበረው ንድፈ ሐሳብ ሰው በራሱ መወሰን፣ ብቃቱን ማየትና ከሌሎች ጋር መቆራኘት እንደሚያስፈልገው ይገልጻል። ካሜሮንና ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1994 የሽልማት ጉዳት ተጋንኗል ብለው ተከራክረዋል፤ ዴሲና ባልደረቦቹ በ1999 ለ128 ጥናቶች ባደረጉት ትንተና መልስ ሰጥተዋል፤ ክርክሩ በዝርዝሩ ላይ ቀጥሏል። የቅኔ ተማሪ መምህሩን መርጦ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ መሄዱ፣ ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ ማደጉን ራሱ ማየቱና ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ጎጆ መኖሩ ሦስቱን ፍላጎቶች የሚያሟላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ደመወዝ በቂ በማይሆንበት ሥራ ላይ ግን እነዚህ ሦስቱ የደመወዝን ቦታ ይተካሉ ማለት ሠራተኛን መበደል ነው።

በሥራ ቦታ ሲተገበር

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የድር ክር ሲበጠስ የሽመና ማሽኑ ይቆማል። አዲሷ ሠራተኛ የተበጠሰውን ጫፍ መፈለግ፣ ክር ቀጥላ መቋጠር፣ ከጎረቤት ክር ጋር ሳታምታታ በየማሳለፊያው ቀዳዳ መመለስ፣ ከዚያም ማሽኑን ማስነሣት አለባት። አራቱ ተግባራት በአንድ ጊዜ አእምሮ ሊይዛቸው ከሚችለው ልክ አያልፉም፤ ይሁንና በሚንጫጫ አዳራሽ ውስጥ በቃል ከተነገሯት ይጠፉባታል። ልምድ ያላት ሠራተኛ አንድ ጊዜ አሳይታት፣ እርሷ ራሷ እንድትሠራ ትተዋት፣ ቋጠሮው ሲላላ ወዲያው ብታርማት፣ በማግስቱ ደግሞ ሳታሳያት ቅደም ተከተሉን ብትጠይቃት፣ ከሳምንት በኋላ ሊረሳ የነበረው በእጇ ይቀራል።

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሠለጠኑ ሴቶች የክፍል ትምህርትን ከመስክ ልምምድ ጋር ማጣመራቸው በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው። የማሻሻያ ሥልጠናዎች ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠራቅመው ከሚሰጡ፣ የቀበሌው ወርኃዊ ስብሰባ በሚደረግበት ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ማስታወሻ በጥያቄና መልስ ቢከፋፈሉ ለወረዳው ተጨማሪ ወጪ ሳያመጡ የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ።

የሥልጠናን ውጤት ለመመዘን ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረባቸው አራት ደረጃዎች፣ ማለትም የሠልጣኙ ስሜት፣ የተማረው ነገር፣ በሥራው ላይ ያሳየው ለውጥና ለተቋሙ ያስገኘው ውጤት ዛሬም በስፋት ይሠራባቸዋል። በመጨረሻው ቀን የሚሞላው የአስተያየት ቅጽ የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለማወቅ የቅርብ ኃላፊው ከወር በኋላ ሠልጣኙን በሥራ ቦታው ተገኝቶ ማየትና መጠየቅ ይኖርበታል።