ቄስ ቆስጠንጢኖስ የጻፈው ብራና፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ለንደን፣ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት፣ ሃርሊ 5598 የሚባል የግሪክኛ ብራና አለ። የጻፈው ቆስጠንጢኖስ የተባለ ቄስ ነው፤ በ995 እ.ኤ.አ.። ውስጡ በቅዳሴ የሚነበቡ የወንጌል ክፍሎች አሉ። እንዲህ ባሉ መጻሕፍት ላይ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ።

«ወንጌል ስለሆነ ከማቴዎስ ይጀምራል።»

አይጀምርም። መነሻው የፋሲካ እሑድ ነው፤ ንባቡም «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» የሚለው የዮሐንስ ወንጌል። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ማቴዎስ ይመጣል፤ ከዚያ ሉቃስ። ቋሚዎቹ በዓላት ለብቻቸው ከሴፕቴምበር 1 ይቆጠራሉ፤ የቢዛንቲን (የምሥራቅ ሮም መንግሥት) አዲስ ዓመት እሱ ነበራ። ግጻዌን፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንን የንባብ ማውጫ፣ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ፣ ግጻዌ የዕለቱ ንባብ የቱ እንደሆነ ይጠቁማል፤ ይሄኛው ንባቡን ራሱን ይዟል።

«ቀያዮቹ ምልክቶች እርማት ናቸው።»

የንባብ ምልክቶች ናቸው። ወንጌሉ እንደ ደብዳቤ አይነበብም ነበር፤ በዜማ ነው። አንባቢው ድምፁን የት እንደሚያነሳ፣ የት እንደሚያሳርፍ ከፊደሉ በላይና በታች ተጽፎለታል።

«ፊደሉ ጥንታዊ ከሆነ መጽሐፉም የ4ኛው ወይም የ5ኛው ክፍለ ዘመን ነው።»

ይሄ ብዙ ሰው ይሸውዳል። ትንንሹ ተያያዥ ጽሕፈት በ9ኛው ክፍለ ዘመን ተስፋፍቷል። ለቤተ ክርስቲያን ንባብ ግን ትልልቁ ፊደል እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ቀጥሏል። ቆስጠንጢኖስም የጻፈው በዚሁ በትልቁ ነው። ደግነቱ ቀኑን ጽፎልናል።

«ጸሐፊው ታሪክ ዘልሏል፤ ሆን ብሎ ደብቋል።»

ይቺን ስሰማ ትንሽ እናደዳለሁ። በጰራቅሊጦስ እሑድ ዮሐንስ 7፥37-52 ይነበብና በቀጥታ ወደ 8፥12 ይታለፋል። መሐል ላይ የቀረው በምንዝር የተያዘችው ሴት ታሪክ ነው። ዝላዩ የዕለቱ ንባብ ሥርዓት ነው፤ ጸሐፊው ምንም አላጠፋም። እንዲያውም በበርካታ የንባብ መጻሕፍት ታሪኩ ሌላ ቦታ አለ፤ ኦክቶበር 8፣ በቅድስት ጴላግያ በዓል። እርግጥ ይህን ታሪክ ጭራሽ ያልያዙ የቆዩ የወንጌል ብራናዎች አሉ። እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የጰራቅሊጦስን ንባብ ለዚያ ክርክር ማስረጃ አድርጎ መምዘዝ ግን አያስኬድም።

«አዲስ ኪዳን በሙሉ ከነዚህ መጻሕፍት ይገኛል።»

የዮሐንስ ራእይን ፈልጉ እስቲ። በቢዛንቲን የቅዳሴ ንባብ ውስጥ የለም።