የእንጨት ቶርኖ ሙያ

የእንጨት ቶርኖ በማሽን ላይ የሚሽከረከርን እንጨት በስለታም መሮ እየቀረጹ ክብ ቅርጽ የማውጣት ሙያ ነው። በሌላው የአናጢነት ሥራ እንጨቱ ታስሮ መሣሪያው ይንቀሳቀሳል፤ በቶርኖ ግን የሚዞረው እንጨቱ ነው፣ መሮውም ማስደገፊያው ላይ ተደላድሎ ይጠብቀዋል። የወንበር እግር፣ የመሣሪያ እጀታ፣ ገበቴና የቼዝ ጠጠር በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

ዘዴው ጥንታዊ ነው። ግብፅ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በተሠራው የፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ አንዱ ሰው ጠፍር እየሳበ እንጨቱን ሲያዞር፣ ሌላው ሲቀርጽ ይታያል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የረዳቱን ቦታ የእግር መርገጫና እንደ ደጋን የሚለመጥ ረጅም ዘንግ ወሰዱት፤ እንጨቱ ወዲያና ወዲህ ስለሚዞር ግን መሮው የሚቆርጠው በአንዱ አቅጣጫ ብቻ ነበር።

ለጀማሪ ዋናው ትምህርት የእንጨቱን ቃጫ ማወቅ ነው። ቃጫው ከመዞሪያው ዘንግ ጋር ትይዩ ሲሆን፣ እንደ ወንበር እግር ባለ ሥራ፣ የሚቀረጸው ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ነው። በገበቴ ላይ ግን ቃጫው ዘንጉን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ መሮው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ የቃጫ ጫፍ ይገጥመዋል፤ ስለዚህ ውጭው ከታች ወደ አፉ፣ ውስጡ ደግሞ ከአፉ ወደ መሐሉ ይቀረጻል። ይህን የዘለለ ሰው ቃጫውን እየነጨ ጥፋቱን በብርጭቆ ወረቀት ሲታገል ይውላል።

ሁለተኛው ነገር የመሮው አያያዝ ነው። በመጀመሪያ ከስለቱ ጀርባ ያለው ተዳፋት እንጨቱን እየነካ ይንሸራተታል፣ ከዚያም እጀታው በዝግታ ከፍ ሲል ስለቱ መቁረጥ ይጀምራል። ያለዚህ ድጋፍ ስለቱ ከገባ እንጨቱ መሮውን ይነጥቃል፣ ራሱም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይህ ያልደረሰበት ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ዶልዱሞ የሚገፋ መሮም እንዲሁ አደገኛ ስለሆነ ሞረድ ከማሽኑ ሩቅ አይቀመጥም። የትልቅ ሥራ ፍጥነትም ዝቅ ይላል፦ በተለመደው ስሌት በኢንች የተለካው የእንጨቱ ስፋት በደቂቃ ዙር ሲባዛ ከ6,000 እስከ 9,000 ባለው ውስጥ መሆን አለበት፤ 10 ኢንች ገበቴ ከ600 እስከ 900 ዙር ማለት ነው። የፊት መከላከያ ሳያደርጉ ማሽኑን ማስነሳት ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው።

ከሙያው ደስታ ብዙው ያለው እርጥብ እንጨት ላይ ይመስላል፤ ፍቅፋቂው እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይወጣል፣ አቧራም የለውም። ይሁን እንጂ እንጨት ሲደርቅ የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው፣ ከመሐል ወደ ቅርፊት ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ክቡ ገበቴ ሞላላ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ባለሙያው የግድግዳውን ውፍረት ከስፋቱ አንድ አሥረኛ ያህል ትቶ ይቀርጸዋል፣ ለ30 ሳንቲሜትር ገበቴ 3 ሳንቲሜትር ማለት ነው፤ ከወራት በኋላ ሲደርቅም መልሶ ያከበዋል። ሌሎች ደግሞ ገና እርጥብ ሳለ አሳስተው ይጨርሱትና እንደፈቀደው እንዲጣመም ይተዉታል።